የጦር አውሮፕላኑ ዋናተኞቹ አጠገብ ሲወርድ

ሚያዝያ 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። በአሜሪካ ፍሎሪዳ፣ ኮኮ ቢች በምትባል የባህር ዳርቻ ከተማ የአየር ትርዒት ይታያል። አሸዋው በጃንጥላና በተጣጣፊ ወንበር ተሞልቷል። ከተመልካቹ ብዙው ውኃው ውስጥ ነው፤ አንዱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ፣ ሌላው እስከ ወገቡ ገብቶ ወደ ሰማይ አንጋጧል። በዚህ መሃል ሆዱ የሰፋ፣ ባለ አንድ ሞተር አሮጌ የጦር አውሮፕላን እየወረደ መጣ፤ መልሶ ከፍ ማለት አልቻለም። የውኃውን ዳር ይዞ፣ ከማዕበሉ ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ፣ ዋናተኞቹን በጎን አልፎ ሄደ። ሆዱ ውኃውን ሲነካ ነጭ አረፋ ዋጠው። አረፋው ሲረግፍ አውሮፕላኑ ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ቁጭ ብሏል። አብራሪው ደኅና ነው። ከዋናተኞቹም የተጎዳ አንድ ሰው አልነበረም።

በቦታው የነበሩ ሰዎች በስልካቸው የቀረጹት ምስል በዚያው ሰሞን ዓለምን አዳረሰ። ብዙው ተመልካች «ተአምር» አለ። ተአምር የሚለውን ቃል ለደብሩ ልተወውና፣ እኔ የማውቀውን ላስረዳ። በተመሳሳይ ሁኔታ ሌላ ቦታ ሰዎች ሞተዋል። የነሱንና የኮኮ ቢችን ታሪክ ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ልዩነቱ የት ላይ እንደሆነ በግልጽ ይታያል። ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያላልኩባቸው ዓመታት ሁሉ፣ ከነወራቸውና ከነቀናቸው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሆደ ሰፊው አቬንጀር

የወደቀው አውሮፕላን ቲቢኤም አቬንጀር ይባላል። ንብረትነቱ እዚያው አካባቢ፣ በታይተስቪል ከተማ የሚገኘው የቫልያንት ኤር ኮማንድ የጦር አውሮፕላኖች ሙዚየም ነው። ለ18 ዓመታት ያህል ሲጠገን ቆይቶ ዳግመኛ የበረረው በ2020 ነበር። ስለዚህ በኮኮ ቢች የወደቀው፣ የዚያን ሁሉ ዓመት ልፋት ፍሬ ገና ማየት በተጀመረበት ሰሞን ነው። ሙዚየሙ ስለ አደጋው ያለው አጭር ነበር፦ አውሮፕላኑን የሜካኒክ ችግር ገጠመው፣ አብራሪውም ከባህሩ ዳር አቅራቢያ ሊያሳርፈው ቻለ።

አቬንጀር ምን ዓይነት አውሮፕላን እንደሆነ ካላወቅን የቀረው ታሪክ አይገባንም። የነደፈው የግራማን ኩባንያ ነው። ለሕዝብ የታየውም ታኅሣሥ 7 ቀን 1941 ነበር፤ ጃፓን ፐርል ሀርበርን በደበደበችበት በዚያው ዕለት። ሥራው ከአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ተነሥቶ፣ አንድ ቶን ያህል የሚመዝን ቶርፔዶ (በውኃ ውስጥ ሄዶ መርከብ የሚመታ ፈንጂ) በሆዱ ይዞ፣ ከባህሩ ወለል ብዙም ሳይርቅ እየበረረ ወደ ጠላት መርከብ መልቀቅ ነው። ሆዱ የሰፋው ለዚህ ነው፤ ቶርፔዶው የሚገባው ውስጥ ነው። ሦስት ሰው ይይዛል። ባለ 14 ሲሊንደር ሞተሩ እስከ 1,900 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ክንፉ ከጫፍ ጫፍ ከ16 ሜትር ያልፋል፤ ያንን የሚያህል ክንፍ መርከብ ላይ ማስቀመጥ ስለሚያስቸግር እንደ ወፍ ወደ ኋላ ይታጠፋል። የኩባንያው መሥራች ሌሮይ ግራማን የአስተጣጠፉን ዘዴ ያገኘው ላጲስ ላይ የወረቀት መያዣ ሽቦ እየሰካ ሲያጣምም ነው ይባላል። ትልልቅ ነገር ከጠረጴዛ ላይ ዕቃ ሲወለድ ደስ ይለኛል፤ ስለዚህ ጠቀስኩት።

በጦርነቱ ዘመን 9,800 ያህል አቬንጀሮች ተሠርተዋል። አብዛኛውን የሠራው ደግሞ የአውሮፕላን ኩባንያ አይደለም፤ መኪና ሠሪው ጀነራል ሞተርስ ነው። ቲቢኤም የሚባሉት የጀነራል ሞተርስ ምርቶች ሲሆኑ፣ ቲቢኤፍ የሚባሉት የግራማን ናቸው። አጀማመሩ ግን አያምርም ነበር። በሰኔ 1942 በሚድዌይ ውጊያ የመጀመሪያዎቹ ስድስት አቬንጀሮች ወጡ፤ አምስቱ ቀሩ፣ አንዱ ብቻ ተቦዳድሶ ተመለሰ። በኋላ ግን ያማቶንና ሙሳሺን የመሰሉ የጃፓን ግዙፍ የጦር መርከቦችን ካሰጠሙት መካከል አቬንጀር አለበት።

ለኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነው። አውሮፕላኑ የተሠራው ለባህር ኃይል ስለሆነ ሦስት ነገሮችን ይዞ ተወልዷል። አንደኛ፣ በምትንገዋለል መርከብ ላይ እንደተጣለ ዕቃ ዱብ ብሎ የሚያርፍ ስለሆነ አካሉ ጠንካራ ነው። ሁለተኛ፣ አጭር ቦታ ላይ መቆም ስላለበት በዝግታ መብረር ይችላል። ሦስተኛ፣ ሞተሩ ቢጠፋ ከሥሩ ያለው ባህር ብቻ በመሆኑ ውኃ ላይ ማረፍ ለአብራሪዎቹ የሚሰለጥኑበት፣ የሚጠበቅ ነገር ነበር።

በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆኑት ጆርጅ ኸርበርት ዎከር ቡሽ የዚህ አውሮፕላን አብራሪ ነበሩ። በመስከረም 1944 በቺቺ ጂማ ደሴት አቅራቢያ ተመትተው በጃንጥላ መውረዳቸውንና በባህር ሰርጓጅ መርከብ መትረፋቸውን ብዙ ሰው ያውቃል። በዚያ አደጋ ሁለት ጓዶቻቸው ሞተዋል። ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ግን፣ በሰኔ፣ የሞተራቸው የዘይት ግፊት ወርዶባቸው አቬንጀራቸውን ባህር ላይ አሳርፈውታል። ሦስቱም በደኅና ወጥተው የጦር መርከብ አነሣቸው። ያሳረፉት በሆዱ ፈንጂ ጭኖ እንደነበር ስናስብ ያስገርማል፤ ፈንጂው የፈነዳው አውሮፕላኑ ከሰጠመ በኋላ ነው።

ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ

ሞተር ጉልበት ሲያጣ አውሮፕላን እንደ ድንጋይ አይወድቅም። ወደ ታች እየተንሸራተተ ይበራል። አብራሪው በእጁ ያለው ሀብት ከፍታ ነው፤ ያንን ከፍታ እየመነዘረ ፍጥነት ይገዛል። ፍጥነቱ ከሚገባው በታች ከወረደ ክንፉ አየሩን መሸከም ያቅተዋል፣ ያን ጊዜ በእውነት ይወድቃል። በትርዒት ላይ ያለ አውሮፕላን ደግሞ ሰው እንዲያየው ዝቅ ብሎ ነው የሚበረው፤ ማለትም ሀብቱ ከመነሻው ትንሽ ነው። አንድ ከባድ አሮጌ የጦር አውሮፕላን በ300 ሜትር ከፍታ ላይ ጉልበቱን ቢያጣ፣ ለማሰብም ለማድረግም ያለው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይሞላም።

ኮኮ ቢች አጠገብ ረጅም ማኮብኮቢያ አለ። የፓትሪክ የጠፈር ኃይል ሰፈር አውሮፕላን ማረፊያ ከባህሩ የሚለየው የአስፋልት መንገድና ጥቂት አሸዋ ነው። ታዲያ ለምን ወደዚያ አልዞረም? ብሎ የሚጠይቅ አለ። መዞር ዋጋ ስላለው ነው። አውሮፕላን ለመታጠፍ ክንፉን ሲያዘነብል የመሸከም አቅሙ ከፊሉ ወደ ጎን ይሄዳል፤ በዚያው መጠን ከፍታ ቶሎ ይቀንሳል። በዓለም ላይ ብዙ አብራሪዎች የሞቱት ከኋላቸው ትተውት ወደነበረው ማኮብኮቢያ ሊመለሱ ሲዞሩ ነው። በኮኮ ቢች ወደ ማኮብኮቢያው የሚወስደው መስመር ደግሞ ሕዝቡ በተቀመጠበት አሸዋና መኪና በሚመላለስበት መንገድ ላይ ያልፋል። ባይደርስ የሚያርፈው እዚያ መሃል ነው።

ሁለተኛው አማራጭ አሸዋው ነበር። ባዶ የባህር ዳርቻ ለአደጋ ጊዜ ጥሩ ማረፊያ ነው፤ ሰው የሞላበት የባህር ዳርቻ ግን ማረፊያ አይደለም። ይህን የሚያሳዩ ሁለት አሳዛኝ ታሪኮች አሉ።

መጋቢት 15 ቀን 2010 በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና፣ ሂልተን ሄድ ደሴት፣ የአንዲት ትንሽ የግል አውሮፕላን ሞተር ዘይት ማፍሰስ ጀመረ። ዘይቱ የፊት መስታወቱን ሸፈነው፤ ከፊት የሚሽከረከረው ፕሮፔለሯ ተነቅሎ ሄደ። አብራሪው ከፊቱ ምንም ሳያይ አሸዋው ላይ አሳረፋት። በዚያ ሰዓት አንድ ሰው በጆሮው ሙዚቃ እየሰማ በአሸዋው ላይ ይሮጥ ነበር። ከኋላው የመጣበትን አላየም፣ አልሰማም፤ ወዲያው ሞተ። እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ፦ ሞተሩ የጠፋ አውሮፕላን ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል። አውሮፕላን ሲመጣ በጩኸቱ አውቃለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው የሚሳሳተው ለዚህ ነው። ጩኸቱ የሞተሩ ነው፣ የአውሮፕላኑ አይደለም።

ነሐሴ 2 ቀን 2017 ደግሞ በፖርቱጋል፣ ከሊዝበን ማዶ ባለው የካፓሪካ የባህር ዳርቻ፣ አንዲት ሴስና 152 የሥልጠና አውሮፕላን ሞተሯ ጠፍቶ በበጋ ሕዝብ በተጨናነቀ አሸዋ ላይ አረፈች። አንድ ጎልማሳና አንዲት የ8 ዓመት ልጅ ሞቱ። ተሳፋሪዎቹ ሁለቱ አብራሪዎች ምንም አልሆኑም። በፖርቱጋል ለረጅም ጊዜ የተነሣው ጥያቄ አንድ ነበር፦ ለምን ውኃው ላይ አላረፉም? እኔ ከወንበሬ ላይ ሆኜ በነሱ ለመፍረድ አልደፍርም። ዓይን ከፊቱ ጠንካራ መሬት ሲያይ እግር ወደዚያ ያመራል፤ የሰው ልጅ ተፈጥሮ ነው። ነገር ግን አሸዋው የነሱን ነፍስ ሲያተርፍ የሌላውን ወሰደ።

የኮኮ ቢቹ አብራሪ ሦስተኛውን መረጠ፦ ውኃ፣ ግን ጥልቅ ያልሆነ፣ ግን ዋናተኛ የሌለበት። እነዚህን ሁለት «ግን»ዎች ማሟላት ከባድ ነው። ጥልቅ ወደሆነው ቢሄድ ዋናተኛ የለም፤ ነገር ግን ራሱ ከአውሮፕላኑ ሳይወጣ ሊሰጥም ይችላል። ጥልቅ ያልሆነው ውስጥ ደግሞ ሰው ሞልቷል። ስለዚህ ከዋናተኞቹ በስተውጭ ያለችውን ጠባብ መስመር ይዞ፣ ከባህሩ ዳር ትይዩ መብረር ነበረበት። ወደ ዳር ቀጥ ብሎ ቢመጣ ኖሮ፣ ውኃው ላይ ተንሸራትቶ የሚቆመው አሸዋው ላይ በተቀመጡት ሰዎች መሃል ነበር።

ውኃ ለስላሳ አይደለም

ላንጋኖ ዳር ሄዶ ሆዱን አስቀድሞ ውኃ ውስጥ የዘለለ ልጅ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ውኃ በዝግታ ለመጣ ይከፈታል፣ በፍጥነት ለመጣ ይጠነክራል። ያው ልጅ ጠፍጣፋ ድንጋይ አግድም ሲወረውር ደግሞ ድንጋዩ ሦስት አራት ጊዜ ነጥሮ ይሄዳል፤ በጠርዙ ከነካ ግን እዚያው ይሰምጣል። ውኃ ላይ የሚያርፍ አብራሪ የሚያስበው ይህንኑ ነው፦ በተቻለ መጠን ዝግ ብሎ፣ በሆዱ ጠፍጥፎ፣ ክንፎቹን አስተካክሎ።

ጎማ አይዘረጋም። መሬት ላይ የሚያድነው ጎማ ውኃ ላይ ገዳይ ነው፤ ቀድሞ ይገባና ውኃው ይይዘዋል፣ አውሮፕላኑም በአፍንጫው ይገለበጣል። አንዱ ክንፍ ከሌላው ቀድሞ ከነካም እንዲሁ፤ ውኃው ክንፉን እንደ ያዘ እጅ ይጎትተውና አውሮፕላኑ ይሽከረከራል። በባህር ላይ ከሆነ ደግሞ ማዕበሉ አለ። በማዕበሉ ትይዩ ማረፍ ይመከራል፤ ማዕበሉን ፊት ለፊት መግጠም ግድግዳ እንደ መግጠም ነው።

ፍጥነቱ ለምን ይህን ያህል ይወስናል? የሚንቀሳቀስ ነገር የያዘው ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። አቬንጀር ሊያርፍ ሲል በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይበራል፤ ባዶውን ደግሞ 5 ቶን ያህል ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ አሁን ወደምንሄድበት ቦታ ያስፈልገናል።

አማርኛ አንባቢ «አውሮፕላን፣ ባህር ዳርቻ፣ ተመልካች» የሚሉትን ሦስት ቃላት አንድ ላይ ሲሰማ ሐሳቡ ፍሎሪዳ አይሄድም። ኮሞሮስ ይሄዳል። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767፣ የበረራ ቁጥር 961፣ በሦስት ሰዎች ተጠለፈ። ጠላፊዎቹ ወደ አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ ለናይሮቢ ጉዞ ብቻ የተሞላ መሆኑን ቢነግሯቸውም አላመኑም። ካፒቴን ልዑል ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ የጠለፋ አደጋ ያለፉ ሰው ነበሩ። የምሥራቅ አፍሪካን ጠረፍ ይዘው በረሩ፤ በመጨረሻ ነዳጁ አልቆ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። በግራንድ ኮሞሮ የአውሮፕላን ማረፊያ ሊያሳርፉ ሲሞክሩ ከጠላፊዎቹ አንዱ ታገላቸውና ማረፊያውን አጡት። ቀጥሎ የመረጡት የጋላዋ ሆቴል ፊት ለፊት ያለውን ባህር ነው፤ ከዳርቻው 500 ሜትር ያህል ብቻ ርቆ። ሰው ካለበት አጠገብ ካረፍን የሚያወጣን እናገኛለን ብለው ነው።

አውሮፕላኑ ውኃውን ሲነካ ፍጥነቱ በሰዓት 325 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነበር። ከአቬንጀሩ ጋር ስናስተያየው ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ቢያልፍ ነው፤ እያንዳንዱ ኪሎ የያዘው ጉልበት ግን ከአራት እጥፍ ይበልጣል። ክብደቱ ደግሞ ባዶውን ከ80 ቶን በላይ። ትልቅ የመንገደኛ አውሮፕላን ከዚያ በጣም ዝግ ማለት አይችልም፤ በተለይ ሞተሮቹ ከጠፉ በኋላ ክንፉ ላይ ያሉትን የማዘግያ ክፍሎች በወጉ መዘርጋት ስለማይቻል። የግራው ክንፍና ሞተር ቀድመው ነኩ። አውሮፕላኑ ተሰባበረ። ከነበሩት 175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ 50ው ተረፉ።

ያን ቀን የባህር ዳርቻው ሰው ከተመልካችነት ወደ አዳኝነት ተለወጠ። የደሴቲቱ ነዋሪዎችና ቱሪስቶች በያዙት ጀልባ ሁሉ ወጡ፤ ለዕረፍት የመጡ ሐኪሞች ቁስለኞቹን ተቀበሉ። የካፒቴኑ ስሌት ትክክል ነበር። ብዙ ሰው የጨረሰው ሌላ ነገር ነው፦ ተሳፋሪዎች ገና ውስጥ ሳሉ የሕይወት ማዳኛ ጃኬታቸውን ነፉት። ውኃው ሲገባ የተነፋው ጃኬት ወደ ጣሪያው አንሳፈፋቸው፤ ጠልቆ በበሩ መውጣት አልተቻለም። የበረራ አስተናጋጆች «ጃኬቱን ከአውሮፕላኑ ሲወጡ እንጂ ውስጥ ሆነው አይንፉ» የሚሉትን አብዛኞቻችን መጽሔት እያገላበጥን እንሰማለን። እኔም እንዲያው ነበርኩ፤ የጋላዋን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ግን በደንብ አዳምጣለሁ።

የአቬንጀርም ታሪክ ሁልጊዜ እንደ ኮኮ ቢች አላለቀም። በዚያው በፍሎሪዳ ጠረፍ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 1945፣ ከፎርት ሎደርዴል ለልምምድ የተነሡ አምስት አቬንጀሮች 14 ሰዎችን እንደያዙ አቅጣጫ ጠፍቷቸው ቀሩ። በሬዲዮ ከተሰማው፣ የአንዳቸው ነዳጅ 10 ጋሎን ሲደርስ ሁሉም አብረው ውኃ ላይ ለማረፍ ተስማምተው ነበር። የቤርሙዳ ሦስት ማዕዘን የሚባለው ተረት ከምንም በላይ የተመገበው ከዚህ ታሪክ ነው። ተረቱን ለወዳጆቹ እተዋለሁ። ጠንካራ አውሮፕላንም ቢሆን በጨለማ፣ በተናወጠ ባህር፣ ከዳር ርቆ ሲያርፍ ዕድሉ ጠባብ ነው። ኮኮ ቢች ላይ የነበረው ቀን ብርሃን፣ ቅርብ ዳርና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነው።

መስመሩና የመስመሩ ቀዳዳ

እስካሁን የተናገርኩት ስለ አብራሪውና ስለ አውሮፕላኑ ነው። ከበረራው በፊት በወረቀት ላይ የተሰመረ መስመርም ድርሻ አለው።

የአየር ትርዒት ደንቦች የተጻፉት በደም ነው። በመስከረም 1952 በእንግሊዝ ፋርንበሮ አንድ የሙከራ ጀት በአየር ላይ ተበታትኖ ሞተሩ ተመልካቹ መሃል ወደቀ፤ 29 ተመልካቾችና ሁለቱ በራሪዎች ሞቱ። በነሐሴ 1988 በጀርመን ራምሽታይን የጣሊያን አየር ኃይል የትርዒት ቡድን አውሮፕላኖች ተጋጭተው አንዱ በእሳት ተያይዞ ሕዝቡ ላይ ተዘረገፈ፤ ከሦስቱ አብራሪዎች ጋር 70 ሰው ሞተ። በሐምሌ 2002 በዩክሬን ልቪቭ አጠገብ፣ ስክኒሊቭ ላይ፣ ሱ-27 ተዋጊ ጀት ሰው መሃል ገብቶ 77 ሰው ገደለ፤ ሁለቱ አብራሪዎች በመቀመጫቸው ተወንጭፈው ተርፈዋል።

ከነዚህ የተገኘው ትምህርት በአጭሩ፦ አውሮፕላን በማንኛውም ቅጽበት ቢሰበር ስብርባሪው የሚበረው ይሄድበት ወደነበረው አቅጣጫ ነው፤ ስለዚህ አቅጣጫው ወደ ሕዝብ መሆን የለበትም። በአሜሪካ ደንብ ትርዒቱ ከተመልካቹ የሚርቀው በአውሮፕላኑ ፍጥነት ልክ ነው፤ ለዝግተኞቹ 500 ጫማ፣ ለመካከለኞቹ 1,000፣ ለፈጣኖቹ 1,500 ጫማ፤ ከ150 እስከ 460 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። የባህር ዳርቻ ትርዒት የሚወደደውም ለዚህ ነው፤ ሕዝቡ አሸዋው ላይ ይቀመጣል፣ አውሮፕላኑ ባህሩ ላይ ይበራል፣ ከሥሩ ቤትም ሰውም የለም። አቬንጀሩ ጉልበት ሲያጣ ከሥሩ ያገኘው ውኃ የሆነው በዕድል አይደለም፤ ታስቦበት ነው።

ቀዳዳው ግን እዚህ ላይ ነው። በአውሮፕላን ማረፊያ የተመልካቹ መስመር አጥር ነው። በባህር ዳርቻ አጥሩ የት አለ? የውኃው ጠርዝ ነው እንዳንል ሞገዱ ይመጣል ይሄዳል፤ ፀሐይ ሲያከር ደግሞ ሰው ወደ ውኃው ይገባል። ጀልባዎችን የትርዒቱ ክልል እንዳይገቡ የባህር ጠባቂዎች ይከለክላሉ። እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ የቆመን ቤተሰብ ግን ማን ያስወጣዋል? በወረቀቱ ላይ «ባህር» ተብሎ ነጭ የተተወው ቦታ በተግባር ግማሹ ሰው ነው። የኮኮ ቢች ቪዲዮ የሚያስደነግጠውም ለዚህ ነው፤ አውሮፕላኑና ዋናተኞቹ የተገናኙት ለአውሮፕላኑ መውደቂያ ይሆናል ተብሎ በተተወው ቦታ ላይ ነው።

በነሐሴ 2015 በእንግሊዝ ሾርሃም የሆነው ሌላ ምሳሌ ነው። ሀውከር ሀንተር የተባለ በ1950ዎቹ የተሠራ ጀት ክብ ዙሮ ሲወርድ ከፍታው አልበቃ ብሎ ከአየር ማረፊያው አጥር ውጭ፣ አውራ መንገድ ላይ ወደቀ። የሞቱት 11 ሰዎች ሁሉ ከትርዒቱ ሜዳ ውጭ የነበሩ ናቸው። ከፍለው የገቡትን ደንቡ ጠበቃቸው። በመንገዱ የሚያልፉትን ማንም አልቆጠራቸውም ነበር። አብራሪው ተረፈ፤ ፍርድ ቤት ቀርቦም በ2019 ነፃ ወጣ።

ለምን ይበራሉ?

የ75 ዓመት አሮጌ ብረት ለምን ይበራል? ሙዚየም ውስጥ ቆሞ ቢታይስ? ይህን ጥያቄ የሚያነሡት ሰዎች በቂ ምክንያት አላቸው። በጥቅምት 2019 በአሜሪካ ኮኔቲከት አንድ ቢ-17 ቦምብ ጣይ ተሳፋሪ አሳፍሮ ተነሥቶ ሲመለስ ወድቆ 7 ሰው ሞተ። በኅዳር 2022 በዳላስ ትርዒት ላይ ሌላ ቢ-17 ከአንድ ፒ-63 ተዋጊ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ 6 ሰው ሞተ። በዓለም ላይ የቀሩት የሚበሩ ቢ-17ዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ እያንዳንዱ ሲወድቅ ሰውም ታሪክም ይሄዳል።

የአሮጌ አውሮፕላን ችግር ዕድሜው ብቻ አይደለም። መለዋወጫ የሚሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ዕቃው ከሌላ አሮጌ አውሮፕላን ይነቀላል ወይም በእጅ ይቀረጻል። ሞተሩን ገና በወጣትነቱ የፈታና የገጠመ መካኒክ ዛሬ በሕይወት የለም ማለት ይቻላል። አቬንጀርን በተመለከተ ግን ለየት ያለ ነገር አለ፤ ከጦርነቱ በኋላም ሥራ አልፈታም። በካናዳ ኒው ብራንስዊክ በሆዱ ቶርፔዶ በነበረበት ቦታ ውኃና መድኃኒት እየጫነ ለአሥርት ዓመታት የደን ቃጠሎ ሲያጠፋና ተባይ ሲረጭ ኖሯል። ዛሬ የሚበሩ አቬንጀሮች የተረፉት በአብዛኛው በዚህ ዓይነት ሥራ ላይ ስለነበሩ ነው።

የእኔ አስተያየት፣ ይብረሩ፤ ነገር ግን ሞተራቸው በማንኛውም ደቂቃ ሊጠፋ እንደሚችል ታስቦ ይብረሩ። ባህር ዳርቻ ላይ ከሆነ ደግሞ አሮጌው አውሮፕላን ሲመጣ ዋናተኛው ለአሥር ደቂቃ ከውኃው ይውጣ። ይህን ስል የሚስቅብኝ አለ፤ በሞቃት ቅዳሜ ሕፃን ልጅ ከባህር ማውጣት ከአውሮፕላን ማብረር ይከብዳል ይለኛል። ይክበድ።

አቬንጀሩ በኋላ ከባህሩ ተስቦ ወጣ። ከውኃ የወጣ አውሮፕላን ሌላ ሩጫ አለው። አካሉ አሉሚኒየም ነው፤ ጨው በእያንዳንዱ ምስማር ሥር፣ በእያንዳንዱ የብረት መገጣጠሚያ ውስጥ ይገባና ወዲያው መብላት ይጀምራል። አየር ባገኘው ቁጥር ደግሞ ይፋጠናል። ስለዚህ መካኒኮቹ መጀመሪያ የሚያነሡት መፍቻ አይደለም፤ የንጹሕ ውኃ ቱቦ ነው። ክንፉን፣ ሆዱን፣ የሞተሩን 14 ሲሊንደሮች፣ እጅ የማይደርስበትን ጥግ ሁሉ ጨው ጨው ማለቱን እስኪተው ያጥቡታል። ከዚያ በኋላ ነው እያንዳንዱን ምስማር መቁጠር የሚጀምሩት።